ሞባይል ያልነው አይጥ

ይድረስ ለባለቤቴ ለእሸቴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ለተኛኸው።

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ከዚህ ብርድና ከዚያ ሳል ከተገላገልክ ዓመት ከአራት ወር ሆኖሃል፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ደህና ነህ። እኔ አስካለ እንደምታውቀኝ ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ሲያይ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሴን ግን አንድም ቀን አሞት አያውቅም።

"አንተ" ስልህ ደንግጠህ እንዳትነሳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "አንቱ" ስልህ ኖሬአለሁ። እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጓዳ ጠርተው "ባልሽን አንተ ካልሽ ውሻውም አይፈራሽም" ብለው አስጠነቀቁኝ። እሳቸው ካረፉ በኋላም ምላሴ ለመደና ቀረ። አሁን መሬት ለየን፤ ማን ይቆጣኛል? ደግሞም "አንተ" ማለትን አንድ ጊዜ ለምጄዋለሁ። ከማን ጋር እንደለመድኩት አንተ ታውቃለህ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ወደ ታች ሲደርስ ይሰማዋል። ይህን ደብዳቤ የንስሐ አባታችን በሚቀጥለው የሚካኤል ማኅበር ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት እሰጣቸዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ካነበቡልኝ ማለቴ ነው።

ብዕር ያስያዘኝ ነገር ይህ ነው፤ ሞባይል ያለፈው ሐሙስ ሞተብን። ስልኩን አይደለም፣ አይጡን ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እኔና አንተ የተነጋገርነው ሁሉ በዚያ በትንሽ እንስሳ በኩል ነው ያለፈው። አንተ ከሞትክ በኋላ እንኳ የምልህን ለእሱ ስል ከረምኩ። አሁን መልእክተኛ የለኝም። ያላደረስኩት አንድ ቃል ግን ቀርቶኛል። ያንን ቃል በሰው ፊት እስክልህ ድረስ ላታናግረኝ ምለህ ነበር፤ ሳልልህ ሞትክ። ይኸው ነው ነገሩ። ዛሬ ልልህ ነው፣ ግን ታውቀኛለህ፣ አንድ ነገር ለመናገር መሐል ሜዳ ከተማን ዞሬ ነው የምመጣው።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ አለዚያ ሆድህ አይረጋም። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች፣ ሁለቱም ሴት። ያለፈው ገብስ ውርጭ ሳያገኘው ገባ። በሰሜን በኩል ያፈስ የነበረውን የጓሳ ክዳን ልጃችን ሙሉ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሁሉንም በቆርቆሮ አስቀየረችው። አሁን ክረምት ነውና ዝናቡ ሲወርድበት ጆሮ ያደነቁራል፣ ጸሎት እንኳ አያስደርስም፤ ግን አያፈስም። "ከእኔ ጋር ኑሪ" ብላ ወተወተችኝ፤ እምቢ አልኳት። የመብራት ምሰሶው እኛ ዘንድ ሊደርስ ሁለት ጋራ ሲቀረው ቆሟል፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ከገባ ቆየ ይላሉ። ጎረቤታችን ዘነበችም እንዳለች ናት። ዛሬም ወጤን ቀምሳ "ጨው አነሰው" ሳትል አትወጣም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልግባ።

ሙሉ ያንን የእጅ ስልክ የላከችልህ ጊዜ፣ ጥሪው እንዳያስደነግጥህ ብላ ድምፁን አጥፍታ መንቀጥቀጡን ብቻ ትታልህ ነበር። ይህን ግን አልነገረችህም። ቤታችን ኔትወርክ የለም፣ ጉብታው ላይ ያለው ማሳ ጋ ሲደረስ ይይዛል። በነሐሴ እዚያ ገብስ ስናርም ኪስህ ውስጥ አንድ ነገር ተርገፈገፈ። "አይጥ! አይጥ ገባብኝ!" ብለህ ዘለልክ። በርኖስህን ወዲያ፣ ዱላህን ወዲህ ወረወርክ። ጭንህን በጥፊ እየመታህ ማሳውን ሁለት ጊዜ ዞርከው፤ በመጨረሻ ሱሪህን አውልቀህ ገብሱ ውስጥ ጣልከው። ስትመታው ስልኩ ተከፍቶ ኖሮ፣ ሱሪውን ሳነሳ ልጅህ ከኪሱ ውስጥ "ሃሎ፣ አባዬ፣ ምን ሆነሃል?" ትላለች። ከእኔ በቀር ያየህ ሰው አልነበረም። ሱሪህን እየታጠቅክ "አደራሽን አስካለ፣ ለሰው እንዳትናገሪ" አልከኝ። "አንቱ ደግሞ! እኔ ምን አፍ አለኝ?" አልኩህ።

ሦስት ወር ቻልኩ። ለእኔ ሦስት ወር ማለት ዐቢይ ጾም ሁለቴ ማለት ነው።

ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ጠላው ጥሩ ወጥቶልኛል፣ ቤቱ ሞልቷል፣ አንተ በጉልምስናህ ነብር እንዴት እንዳባረርክ ትተርካለህ። እኔ ማሰሮ ይዤ ከጓዳ ስወጣ ምላሴን ያዝ የሚያደርግልኝ አጣሁ። "ነብሩስ ሱሪ አላስወለቀዎትም?" አልኩህ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔም የጀመርኩትን ጨረስኩት፤ ዝላዩንም፣ ጥፊውንም፣ ሱሪውንም። ዘነበች እስክታነቅ ሳቀች። የንስሐ አባታችን እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንተ ግን አልሳቅክም። ተነስተህ ቆምክ፤ ሳቁ ቀስ በቀስ እየሞተ ሄደ። "ሚካኤልን! በሰው ፊት እንዳዋረደችኝ በሰው ፊት ይቅርታ ሳትጠይቀኝ ይቺን ሴት ባናግር!" አልክ።

ያኔውኑ እግርህ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ጥፋተኛ መሆኔን አውቀዋለሁ፤ አደራህን በልቻለሁ። ግን እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። "ይሁና!" ብዬ ማሰሮዬን ይዤ ጓዳ ገባሁ። በማግስቱ ገበያ ላይ "አይጥ ገባብኝ መጣ" ብለው እንደጠሩህ ሰማሁ፤ ያም ቢሆን ለይቅርታ አፌን አላስከፈተኝም።

ቤታችን መቃብር ሆነ። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ በልጅ በኩል ነው የሚነጋገሩት፤ "አባትሽን እራት ቀርቧል በዪው"፣ "እናትሽን ውሃ ስጪኝ በያት" ይባላል። ሙሉ ግን ከሄደች ቆይታለች፣ በእኛና በግድግዳው መካከል ማንም የለም። አንተ ውሃ ሲጠማህ ታስላለህ። እኔ ሲከፋኝ ድስት እጥላለሁ።

በጥር ገብሱን ስትወቁ ከክምሩ ሥር የአይጥ ጎጆ ወጣ። ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ቀያይ ነገሮች። ውሻው ለቃቀማቸውና አንዷ ብቻ ቀረች። ለወቂዎቹ ጠላ ይዤ ቆሜ ነበርና አየሁህ፤ ትረግጣታለህ ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለህ በመዳፍህ አነሳሃት። አንዱ ወቂ "ኧረ አይጥ ነው፣ እንዳይገባብህ!" አለ። አንተ ደረትህ ውስጥ ከተትካትና ወደ ቤት ሄድክ። እልኸኛ! አይጥ ፈራ የተባለ ሰው አይጥ ሊያሳድግ ነው ብዬ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

የበግ ወተት በጥጥ እየነከርክ አጠባሃት። የእኔን ሙዳይ፣ የሠርጌን ሙዳይ፣ ሱፍ ጎዝጉዘህ አልጋ አደረግክላት። ስሟንም ሞባይል አልካት። ሊስቅብህ የመጣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ "ቆይ፣ ሞባይሌ ጠራች" ትልና ከደረትህ ታወጣታለህ፤ እንግዳው ዘሎ በሩ ጋ ይደርሳል። በሁለት ወር ውስጥ "አይጥ ገባብኝ" የሚልህ ጠፋ።

ስትዳብሳት ግን ለእልህ አልነበረም፤ ያንን አይቻለሁ። መደቡ ላይ ተቀምጠህ ጉልበትህ ላይ ታሳርፋታለህ። መጀመሪያ እጅህን አጠገቧ ታኖረዋለህ፣ እስክታሸተው ትጠብቃለህ። ከዚያ አንዲቷን ጣትህን በሁለት ጆሮዎቿ መካከል አድርገህ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ታወርዳለህ፤ ጠጉሯ ወደተኛበት እንጂ ሽቅብ አትሄድም። ጉንጯን በጥፍርህ ጀርባ ስታክላት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ጥርሷን ታፋጫለች። ልትነክስህ መስሎኝ ብዙ ጊዜ መጥረጊያ አንስቻለሁ። ደስ ሲላት እንደዚያ እንደምታደርግ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ልንገርህ አይደል? ቀናሁ። ዕርፍ የጨበጠ፣ ብርድ የሰነጣጠቀው ያ እጅህ እንደዚያ ቀስ ማለት እንደሚችል በሠላሳ ዓመት ውስጥ አላወቅሁም ነበር። "ጣውንት ገባችብኝ" ብዬ ለዘነበች ነገርኳት። "ጣውንትሽ ጭራ አላት" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ይባስ ብለህ ታወራት ጀመር። "አንቺ፣ ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ?" ትላታለህ። "አንቺ፣ ብርዱ በርትቷል፣ ጉልበትሽን ቅቤ ተቀቢ።" "አንቺ፣ የምንጩ መንገድ ያዳልጣል፣ ነገ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።" እኔ ጓዳ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። ለእኔ አንድ ቃል የነፈገ ሰው ለአይጥ ጉልበት ያዝናል! በማግስቱ ውሃው ተቀድቶ አገኛለሁ፤ እሱንም ለአይጧ ብሎ ነው እል ነበር። አቤት ድንቁርናዬ!

በግንቦት፣ በአንድ የገበያ ቀን አንተ ሄደህ ሳለ ሙዳዩ ተከፍቶ ኖሮ፣ ሞባይል ከመደቡ ወርዳ የውሃው ጋን ውስጥ ገባች። ቡጭ ቡጭ ስትል ሰማሁ። ጭልፋ ፈለግሁ፣ ጭልፋው ጠፋ። ትሙት አልኩ ለአንድ አፍታ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ከገበያ ስትመለስ የሚሆነውን ፊትህን አሰብኩና ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ። ትንቀጠቀጣለች። በቀሚሴ ጠቅልዬ የኩበቱ እሳት ዳር ተቀመጥኩ። አይጥ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ጨምላቃ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሙቀቷ ግን ከእሳት እንደወጣ ድንች ነው፣ ልቧ በመዳፌ ላይ ድብ ድብ ትላለች፣ እጆቿ የሰው እጅ ይመስላሉ። አውራ ጣቴን በሁለቱም ያዘችኝ። ሆዷን ላደርቅ ገልበጥ ሳደርጋት፣ ወይ ጉዴ! ወንድ ነው። ደግሞ የሚያሳፍር ወንድ፣ ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን።

በግ ሲያኮላሽ ያረጀ ሰው ይህ አያመልጠውም። ታውቅ ነበር። እርግጥ ነው፣ በእኛ ዘንድ የተወደደ ትንሽ ነገር ወንድም ቢሆን "አንቺ" ይባላል፤ ቁልምጫ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ጉልበቱስ? የአይጥ ጉልበት በቅቤ ይታሻል እንዴ? ከምንጭ ውሃ የሚቀዳው አይጡ ነው? ፊቱ የጠቆረውስ? ጉልበቱ የእኔ ነው። ፊቱም የእኔ ነው። መሐላህን ሳታፈርስ በጎኑ መንገድ ቆርጠህ፣ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ታናግረኝ ኖሯል! እኔ ቂሏ በገዛ ራሴ ላይ ቀናሁ። አይጡን እንዳቀፍኩ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለእኔም "እሱ" ሆነ።

ያን ዕለት ስትመለስ አይጡ መዳፌ ላይ ነበር። ወንድ ነውና ሰዋስውም ፈቀደልኝ። "አንተ፣ ደክሞሃል፣ ና እራትህን ብላ" አልኩት፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ። አንተ ከበሩ "አቤት!" አልክ።

ከዚያ ደነገጥክ። ጣሪያውን አየህ፣ ጉሮሮህን ጠራረግክ፣ ጆሮህ ድረስ ቀላህ። "አቤት" ቃል ነው አይደለም ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ፤ ለሚካኤል ግን አልከሰስኩህም። አፌ ቁርጥ ይበልልህ፣ የዚያን ቀን እንዴት አምረህ ነበር!

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን ብዬ ልጻፈው? "አንቺ፣ እጅሽን ከላይ አታምጪ፣ ከላይ የሚመጣ ጭልፊት ነው" ትላለህ አይጡን እያየህ። "ከታች መዳፍሽን ዘርጊ፣ ራሱ ይመጣል። ጅራት አይያዝም። አንዱን እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቹ ሥር፤ የሚቆምበት ካጣ ይፈራል።" እኔም እንደተባለው አደርጋለሁ። "አንተ፣ እንዲህ ነው?" እላለሁ ለአይጡ። "አንቺ፣ ቀስ፣ እንደሱ" ትላለህ። ከእጅህ ወደ እጄ ስታሳልፈው ጣቶቻችን ይነካካሉ። እንደ ሙሽራ አፍራለሁ፤ አንተም ሆን ብለህ ትንሽ ታቆየዋለህ። "አንተ፣ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ያምርብሃል" ብዬሃለሁ በዚያ አይጥ አፍ። አንተ ደግሞ "አንቺ፣ ከሠርግሽ ቀን ይልቅ ዛሬ ቆንጆ ነሽ" አልክ። አይጥ ሠርግ አልደገሰ! ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ፍለጋ አስመሰልኩ።

የንስሐ አባታችን አንድ ቀን መጥተው ይህን ሁሉ ሰምተው ሲስቁ መስቀላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። "ያ ሁሉ መሐላ በአይጥ ቀዳዳ አመለጠ!" አሉ። ሲወጡ ሸኘኋቸውና በር ላይ ኮስተር ብለው፣ "ልጄ፣ ጨዋታው ደግ ነው፤ ግን ይቅርታውን ጠይቂና ሰውየውን ከግዝቱ አውጪው። ሰው የነገን አያውቅም" አሉኝ። "እሺ አባቴ፣ ለሚቀጥለው ማኅበር" አልኩ። ለሚቀጥለው፣ ለሚቀጥለው እያልኩ ስንቱ ማኅበር አለፈ።

ለምን እንዳልጠየቅሁህ ለአንተም ለማኅበሩም ልናገር። እልህ አልነበረም፤ እልሁ ጋኑ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። ፈርቼ ነው። ይቅርታ ብጠይቅህ መሐላው ይፈርሳል፣ በቀጥታ ታናግረኛለህ፣ አይጡ አይጥ ብቻ ይሆናል። ያኔ ወደ ድሮው እንመለሳለን፤ አንተ "ሴትዮ፣ ውሃ!" ልትለኝ፣ እኔ "አንቱ፣ በሬው ተፈትቷል" ልልህ። በሠላሳ አንድ ዓመታችን ያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር ፍቅራችን ሳያፍር የኖረው። ማር የቀመሰ እጁን አይታጠብም፤ እኔም አልታጠብኩም። አንተ ግን በመሐላ ታስረህ እንደምትኖር፣ ነፍስህ ላይ እንደ ሸክም እንደሆነብህ አላሰብኩም። ያ ነው ኃጢአቴ።

በተከታዩ ዓመት መጋቢት ሳሉ ጠናብህ። መሐል ሜዳ ሐኪም አየህ፣ መድኃኒትህንም በሰዓቱ ወሰድክ፤ ሳንባህ ግን ደክሞ ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ረፋድ ላይ አይጡን ደረትህ ላይ አስቀመጥኩልህ። ጣትህ እንደ ወትሮው ከጆሮዎቹ መካከል ተነሳች፣ ጀርባው እኩሌታ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጅህን ይዤ እስከ ጭራው አደረስኩልህ። ዘነበች ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። "አንቺ" አልክ፣ "ያቺን ቃል በዪኝና በስምሽ ልጥራሽ።"

ሰማሁህ። ሰውም ነበር፤ ዘነበችም ሰው ናት። አንዲት ቃል ናት። ግን ያንን ካልኩህ ለመሄድ ፈቃድ የምታገኝ መሰለኝ። የምሰናበትህ መሰለኝ። "አንተ፣ መጀመሪያ አጥሚትህን ጠጣ፣ ነገ እንነጋገራለን" አልኩት ለአይጡ። ፈገግ አልክ። ጥቁሯ በግ ስትጮኽ ሰማሁና ወጣሁ። ስመለስ እጅህ አይጡ ላይ ነበር፤ አይጡም ንቅንቅ አላለም፣ እጅህ እስኪነሳ ይጠብቃል። አጥሚቱ አልተነካም።

እሸቴ፣ በስሜ ሳትጠራኝ ሄድክ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስሜን ከአፍህ አልሰማሁም፤ እንግዲህም አልሰማም። ሌላው ሁሉ ይቀላል።

በለቅሶህ ቀን ሞባይልን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ነበር። ሰው በበዛበት ውሻም ድመትም አለና ፈራሁለት። ደረቴን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ስዞር አልቃሾቹ "ልቧ ሊወጣ ነው" አሉ። ዘነበች ብቻ ታውቅ ነበር፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ እንዲሉ ዝም አለችልኝ። በመስከረም ደግሞ የግብርና ሠራተኛው ለየቤቱ የአይጥ መርዝ ሲያድል መጣ። "እማማ፣ ስንት አይጥ አለ?" ቢለኝ "አይጥ የለም፣ ሞባይል ብቻ ነው ያለኝ" አልኩት። "ሞባይልማ ጥሩ ነው፣ ቁጥርዎን ይስጡኝ" አለኝ። ይህን ብትሰማ ከመደቡ ትወድቅ ነበር።

በየቀኑ አንተ እንዳሳየኸኝ ዳበስኩት። ከጆሮ መካከል ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ጀርባ። "አንተ፣ ገብሱ ገብቷል።" "አንተ፣ በጓ መንታ ወልዳለች።" "አንተ፣ ቤቱ ሰፍቶኛል።" እየቆየ ጠጉሩ ሳሳ፣ የኋላ እግሮቹን ይጎትት ጀመር፣ በሶ በወተት አርሼ በጣቴ አበላው ነበር። ሐሙስ ጠዋት መዳፌ ላይ ጥርሱን ትንሽ አፋጨና ተወው። ጣቴ ጀርባው ላይ እያለ በረደ። በሠርጌ ሙዳይ አድርጌ ጉብታው ማሳ ዳር ቀበርኩት፤ ለአይጥ ማልቀስ ነውር ከሆነ ነውሩን ተሸክሜዋለሁ።

ከዚያ ቤት ገብቼ አፌን ከፈትኩ፤ የምነግረው አጣሁ። ያኔ ነው እንግዲህ በራሴ እግር መሄድ እንዳለብኝ የገባኝ።

ትናንት እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ደመናውን ሲያይ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁ። የበደለ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የተበደለው "ጣለው" እስኪለው አያወርደውም። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። መቃብርህ ፊት ቆሜ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "እሸቴ፣ አደራህን በልቼ በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ ቆምኩ። ዝናቡ መጣ፣ ማንም አልሄደም። ዘነበች ታለቅሳለች።

የንስሐ አባታችን ቀረብ ብለው መስቀላቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። "እሱ ይቅር ብሎሻል ልጄ። በእሱ ፈንታ እኔ ልበልሽ፤ ጣዪው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ድንጋዩን ግን አላወረድኩም። "አባቴ፣ ይህ ከሌላ ሰው አፍ አይሆንልኝም" አልኳቸው። ይዤው ቁልቁል ወረድኩ፤ ሁለት ቦታ ላይ አረፍኩ።

አሁን ድንጋዩ እግሬ ሥር ነው፤ ልጽፍ ብዬ አኖርኩት እንጂ አልጣልኩትም። በስሜ ጠርተህ ልታናግረኝ ፈልገህ እንደሄድክ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልረሳውም፣ እጅህንም አልረሳውም። እኔም በተራዬ በማኅበሩ ፊት ልማል፤ ሚካኤልን! አንተ ዘንድ ስመጣ ይህን ድንጋይ ተሸክሜ ነው የምመጣው። ያለ አይጥ፣ ያለ መልእክተኛ፣ በገዛ አፍህ "አስካለ፣ ጣዪው" እስክትለኝ ድረስ አልጥለውም።

አስካለ